ወይዘሮ አስናቀች ወርቁና የተዋናይት መንገድ

(አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)




ስለ አንዲት ዝነኛ ተዋናይት ሕይወትና ሥራ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አሳቤ በቀጥታ ያመራው ወደ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ንግግር የሚጀመረው ከፊልም ነው። በእኛ አገር ግን «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው ፊልም በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ እስኪታይ ድረስ፣ ተዋናይ የሚፈተነውም የሚመሰገነውም በመድረክ ላይ ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች ሙያውን በጀመሩበት ዘመን፣ ሴት በአደባባይ ቆማ ቴአትር መጫወቷ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ተከናንበው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው። እናት ለልጇ ስታለቅስ፣ ከነጠላው ሥር ያለውን ጢም የሚያውቅ ተመልካች እንዴት አብሯት ያልቅስ?

ይህን ልማድ ከሰበሩት ሴቶች መካከል ስማቸው በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው ወይዘሮ አስናቀች ናቸው፤ ብዙዎችም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የመድረክ ተዋናይት ይሏቸዋል። በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፍቶ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት ለረጅም ዘመን አገልግለዋል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚወረወርበት ጊዜ ይህን መንገድ መምረጥ፣ የዘመድን ኩርፊያና የጎረቤትን ሐሜት ተሸክሞ መውጣት ማለት ነበር። ዛሬ አንዲት ወጣት ተዋናይት የምትረግጠው የተጠረገ መንገድ የተጠረገው እንዲህ ባለው ትከሻ ነው።

ክራራቸውንም ሲያነሡ ተዋናይነታቸው አይለያቸውም ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ያስቀረጿቸው ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ታትመው ለዓለም ተዳርሰዋል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፉም በኋላ ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» በሚል ርእስ ስለ ሕይወታቸው ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ድምፃቸው በሸክላ ስለ ተቀረጸ ያላያቸው ትውልድ ይሰማቸዋል። የተዋናይት ዝምታ፣ የዐይኗ አመላለስ፣ ወደ መድረክ የገባችበት እርምጃ ግን ከሸክላ አይገባም። መጋረጃው በተዘጋ ጊዜ በተመልካች ልብ ይቀራል፤ ተመልካቹም ያልፋል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሐውልት እንድናቆም አይደለም። ሥራው ከዚያ ያነሰ፣ ጥቅሙ ግን ከዚያ የበለጠ ነው። አንጋፎቻችን በሕይወት ሳሉ ከፊታቸው እንቀመጥ፤ የተጫወቱትን ቴአትር፣ ዘመኑን፣ አብረዋቸው የተጫወቱትን እንጻፍ፤ ፎቶግራፋቸውን ከየሣጥኑ እናሰባስብ። ለቀብር የምናዘጋጀውን የሕይወት ታሪክ ባለቤቱ ሰምቶ ሊያርመው በሚችልበት ቀን እንጻፈው።