ኩሬው ጎህ ሲቀድ፦ የውሃ ሙቀትና የዓሣ መራባት



የዛሬውን ንግግሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ደጋማ ቀበሌ የቆሮሶ ኩሬ የቆፈሩ አርሶ አደር «ዓሣዎቹ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፤ ጫጩት ግን የለም» ብለው አማከሩኝ። ከቀትር በኋላ ቴርሞሜትሬን ነከርሁ፤ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አነበብሁ። «ሙቀቱ በቂ ነው፤ ጉድለቱ የመኖ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም አምነውኝ ገንዘባቸውን ለመኖ አወጡ። ዓመት አለፈ፤ ጫጩት አልታየም። ተመልሼ ስሄድ «ዶክተር፣ እርስዎ የሚመጡት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው፤ እስቲ ማለዳ ይንከሩት» አሉኝ። እዚያው አደርሁ። ጎህ ሲቀድ ውሃው 16 ዲግሪ ነበር።

ዓሣ እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት አይጠብቅም፤ በውሃው ሙቀት ይሞቃል፣ በውሃው ቅዝቃዜ ይቀዘቅዛል። እንቁላልንና ዘርን የሚያጎለምሱት ሆርሞኖች ከአንጎል ተነሥቶ በፒቱታሪ እጢ በኩል በሚተላለፍ ትእዛዝ ይመነጫሉ። ቅዝቃዜ ይህን ሂደት ያዘገየዋል፤ ሲብስም ያቆመዋል። ሴቷ ያፈራችው እንቁላልም ሳይጣል ተመልሶ በሰውነቷ ሊመጠጥ ይችላል። ቆሮሶ በአብዛኛው ውሃው ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ካልደረሰ አይራባም፤ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። በ16 ዲግሪ አካባቢ ግን በሕይወት ይቆያል። የእኔም ስሕተት ይኸው ነበር፤ ለመኖር የሚበቃ ሙቀት ለመራባት አይበቃም።

«በሐዋሳ ሐይቅስ ሌሊቱ አይቀዘቅዝም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይቀዘቅዛል። ይሁን እንጂ የሐይቁ ውሃ ብዙ ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያላት ኩሬ ግን ቀን ያገኘችውን ሌሊት ትለቅቃለች።

በአምባዛ ረገድ የሙቀት ተጽዕኖ በሰዓት ይለካል። አምባዛ በኩሬ ሲያዝ በአብዛኛው በራሱ እንቁላል ስለማይጥል ሆርሞን ይወጋል። ከመርፌው በኋላ እንቁላሉ ለመውጣት በ20 ዲግሪ 21 ሰዓት ገደማ፣ በ25 ዲግሪ 11፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ባለሙያው ሙቀቱን ሳይለካ በልማድ ሰዓት ቢሠራ ወይ ያልደረሰ ወይ ጊዜው ያለፈበት እንቁላል ያወጣል።

ሙቀት ሲበዛም የራሱ ዋጋ አለው። በባሕር ጠለል ከፍታ በአንድ ሊትር ውሃ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅን በ20 ዲግሪ 9 ሚሊግራም ያህል ሲሆን በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል፤ በደጋ ደግሞ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከዚህም ያንሳል። መብላት የጀመሩ የቆሮሶ ጫጩቶች በ36 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሳምንታት ቢያድጉ፣ ሴት ሊሆኑ ከነበሩት ብዙዎቹ ወንድ ሆነው ያድጋሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሙቀትን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድና ከቀትር በኋላ፣ እንለካ። የሁለቱ አማካይ ብቻውን ያታልላል፤ የእኚያ አርሶ አደር ኩሬ አማካይ 20 ዲግሪ ነበር። ወላጅ ዓሣዎችን ጠለቅ ባለና በላስቲክ በተሸፈነ ኩሬ እንያዝ። ይህ ካልተቻለ ጫጩቱን በቆላ አራብተን ወደ ደጋ እናምጣ፤ ዕድገቱ አዝጋሚ እንደሚሆን ግን ለገበሬው አስቀድመን እንንገር። ቅዝቃዜን የተሻለ የሚቋቋመውን ካርፕንም በአማራጭነት እናቅርብ።

ለእኚያ አርሶ አደር የመኖውን ወጪ ልመልስላቸው አልቻልሁም። እናንተ ተማሪዎቼ ግን በመስክ ደብተራችሁ የማለዳ ሙቀት ሳይሰፍር ለማንም «ኩሬ ቆፍሩ» ብላችሁ አትምከሩ።