የአባት ምላጭ



የምድር ባቡር በሚኤሶ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ የባሕር ማዶ ዕቃ ዛሬ ጭሮ ለምትባለው ለአሰበ ተፈሪና ለጨርጨር ከተሞች ቅርብ ሆነ። ከእንዲህ ያለው ዕቃ አንዱ ታጣፊው ምላጭ ነው።

ልጅ ከአባቱ የወረሰውን ምላጭ ዝጎ ቢያገኘው፥ ችኩል ከሆነ በሻካራ ድንጋይ ይፍቀዋል፤ ከዝገቱ ጋራ ብረቱንም ይጨርሰዋል። አስተዋይ ግን ዝገቱን በዘይት አርሶ በቀስታ ይጠርጋል፤ ደንደሱንና ስለቱን አንድ ላይ በለዘበ ድንጋይ አስተኝቶ ይስላል፤ በመጨረሻም ደንደሱን አስቀድሞ በቆዳ ላይ ያመላልሰዋል። ዝገት የበላው ጠባሳ በገጹ ይቀር ይሆናል፤ ስለቱ ግን ይመለሳል።

ቅዱስ ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ጋራ አያይዞ ካነሣ በኋላ፥ የተቀበለውን ጸጋ እንዲያነሣሣ አሳሰበው፤ ውርስ ያለ ትጋት ይዝጋልና።

እንግዲህ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ልጅ ያለን ወላጆች በስድብ አንፋቀው፤ በፍቅር ዘይት እናለስልሰው። ንስሓ ከመግባት የዘገየን እኛም፥ ጊዜው አልፎብናል ብለን ራሳችንን አንጣል፤ የንስሓ አባታችንን ዛሬውኑ እንፈልግ። ጠባሳችንን የሚያውቅ አምላክ አይጥለንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።