ተርፎ የተገኘው 10 ብር



ባለፈው ወር ሒሳብ ስንዘጋ የሣጥኑ ገንዘብ ከመዝገቡ 10 ብር በልጦ ተገኘ። መሽቷል፣ ደክሞናል። «ልዩ ልዩ ገቢ ብለን እንመዝግበውና እንሂድ» ተባባልን። ግን ያ ብር የአንዲት እህታችን ነው። ቁጭ ብለን ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስናመሳክር፣ እንጀራ ሸጣ የቆጠበች እናት ከመዝገብ ተዘልላ አገኘናት።

ከተማችን ደብረ ማርቆስ ስሟን ያገኘችው ከወንጌላዊው ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጌታችን የድኻዋን መበለት ሁለት ናስ እንዴት እንደቆጠረላት ማርቆስ በምዕራፍ 12 ጽፎልናል።

እኛም በጾምና በጸሎት የምንተጋውን ያህል በመዝገቡም፣ በምጣዱም፣ በእርሻውም በሙሉ ልባችን እንትጋ። እርሱ የቆጠረውን እኛ አንዝለል። እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።