ልጆቻችን በእግር ሲሄዱ



ዛሬ የምንናገረው ባለፈው ስብሰባችን ስላከራከረን ጉዳይ ነው። የአንዷ እህታችን ልጅ ውትድርናዋን እንደ ጨረሰች፣ እንደ ብዙ የእስራኤል ወጣቶች፣ «ኔፓል ሄጄ ተራራ እወጣለሁ፤ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ገብቼም በነጻ አገለግላለሁ» አለች። እናቷ ደነገጠች። «እኛ በግድ የሄድንበትን የእግር መንገድ ልጄ ገንዘብ ከፍላ ልትሄድ ነው?» ብላ ጠየቀችን።

ጥያቄው የብዙዎቻችን ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ከጎንደር መንደሮች ወጥተን፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዝን ሱዳን ስንገባ፣ በእግር መሄድ መዝናኛ አልነበረም። በዚያን ዘመን በመንገድና በመጠለያ ካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል። ስለዚህ «አትሂጂ» ማለቱ ቀሎን ነበር። ልጅቷን ቁጭ አድርገን ስናዳምጣት ግን አንድ ነገር ገባን። እኛ ምርጫ አልነበረንም፤ እሷ አላት። እኛም የደከምነው ለዚሁ ነው።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩን ትተን አብረናት መጠየቅና ማንበብ ጀመርን። ሦስት ነገር ተማርን።

አንደኛው ስለ ተራራው ነው። በአናፑርና ዙሪያ በሚደረገው ጉዞ የሚታለፈው የቶሮንግ ላ በር 5,416 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከራስ ዳሸን ይበልጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው የማደሪያውን ከፍታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል። ራስ ምታትና ማስመለስ ከጀመረው መውጣቱን ማቆም፣ ከባሰበት መውረድ አለበት። በጥቅምት 2014 በዚያው አካባቢ የበረዶ ማዕበል ከ40 በላይ ሰዎች ገድሏል፤ ከሟቾቹ መካከል እስራኤላውያን ነበሩ።

ሁለተኛው ስለ ሕፃናት ማሳደጊያው ነው። በኔፓል ማሳደጊያዎች ከሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ ወላጅ አላቸው። ደላሎች ወደ ድሃ መንደር ሄደው «እናስተምርላችኋለን» እያሉ ልጆችን ይወስዳሉ። አንዳንዱ ማሳደጊያ ደግሞ ልጆቹን የሚይዘው ከውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ለሚያገኘው ገንዘብ ሲል ነው። ይህን ስንሰማ ዝም አልን። ከልጅ መለየት ምን እንደሆነ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ልጅቷም «እኔ እርዳታ መስሎኝ ነበር» ብላ ሐሳቡን ተወችው።

ሦስተኛው ደስ ያሰኘን ነው። ፖክራ በምትባለው ከተማ ሦስት እህትማማቾች በ1994 ለሴት ተጓዦች ሴት መሪ የሚያቀርብ ሥራ ጀመሩ። የአገራቸውን ሴቶች አሠልጥነው በተራራ መሪነትና በጓዝ ተሸካሚነት ያሰማራሉ። የወንድ ብቻ ይባል በነበረ ሥራ ሴቶች ራሳቸውን ይችላሉ። ይህ እኛም የምናውቀው የእርዳታ ዓይነት ነው፤ ማኅበራችንን ስናቋቁምም ያሰብነው ይህንኑ ነበር።

እናም ተስማማን። ልጃችን ሴት መሪ ቀጥራ፣ ተገቢውን ዋጋ ከፍላ፣ ቀስ ብላ ትወጣለች። ማገልገል ከፈለገች ደግሞ አስቀድማ «ይህን ሥራ ማን ጠየቀ? የአገሩ ሰው ሊሠራው አይችልም ወይ?» ብላ እንድትጠይቅ ነግረናታል። ሌሎች ልጆቻችሁም ለመሄድ ሲነሡ አትከልክሏቸው፤ እነዚህን ጥያቄዎች ግን አስይዟቸው።

እናቷ አሁን ለስንቅ በሶ እያዘጋጀች ነው። እኛ ስንወጣ በጨለማ፣ ማንም ሳያይ ነበር፤ እሷን ግን በቀን፣ ሁላችንም ተሰብስበን እንሸኛታለን።