የነርስ ቃልና የበሽተኛ ጤና



ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ፥ አወሳሰዱን ለበሽተኛው የምታስረዳው ብዙውን ጊዜ ነርሷ ናት። መድኃኒት እንደሚገባው ካልተወሰደ አያድንምና፥ ቃሏ ከሕክምናው አንዱ ክፍል መሆኑን መገንዘብ ይገባናል።

ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት፥ በቀሩት 4 ወራት ደግሞ 2 ዓይነት መድኃኒት ይሰጣል። ነገር ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ይቀልለታል፥ የምግብ ፍላጎቱም ይመለሳል። በዚህ ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ቢያቋርጥ፥ የተረፉት ተሐዋስያን እንደ ገና ይበረታሉ፤ መድኃኒቱንም ሊለምዱት ይችላሉ። ያን ጊዜ ሕክምናው እጅግ ይከብዳል፤ በሽታውም ለቤተ ሰቡ ይተርፋል።

ከመድኃኒቶቹም አንዱ፥ ሪፋምፒሲን የተባለው፥ የሽንትን መልክ ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለውጣል። ይህ ጉዳት የለውም፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ደም መስሎት ይደነግጣል፥ ክኒኑንም ሊተው ይችላል። በአንጻሩ ዐይኑ ቢጫ ቢሆን፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያው መመለስ እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

ታዲያ ነርሷ መናገሯ ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። በሽተኛው ያከብራታል፥ ይሉኝታም ይይዘዋል፤ «ገባዎት?» ብትለው ባይገባውም «አዎን፥ እሺ» ይላል። ስለዚህ ብልኅ ነርስ፥ «ደኅና አድርጌ ማስረዳቴን እንዳውቅ፥ ቤትዎ ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብላ ትጠይቀዋለች። እርሱም በገዛ ቃሉ ሲመልስ የጐደለው ይታያል። የሚፈተነው የነርሷ አነጋገር እንጂ የእርሱ ዕውቀት ስላልሆነ አያፍርም፤ እርስዋም የጐደለውን ሞልታ እንደ ገና ታናግረዋለች።

ተራ ጠባቂው ብዙ፥ ጊዜው ጥቂት ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በጥቂት ደቂቃ ሊገባው ይችል የነበረ ሰው፥ በሽታው ጠንቶበት ሲመለስ የሚፈጀው ጊዜ ከዚያ ይልቅ ብዙ ነው።

እኛም በበኩላችን፥ ታምመንም ሆነ አስታምመን ስንሄድ፥ «አልገባኝም፥ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አይምሰለን። የሰማነውንም ከመውጣታችን በፊት ለነርሷ መልሰን እንንገራት። ሳይገባ የተባለ «እሺ» ነርሷን ደስ ቢያሰኛትም በሽተኛውን አያድነውም።