አደራ መስሎ የሚመጣ ወጥመድ

(በፍኖተ ሰላም ለፎቶግራፍ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ካሜራንም ብርሃንንም የሚመለከት አይደለም። በኢሜይል እየመጣ በግሉ የሚሠራውን ፎቶግራፍ አንሺ ገንዘቡን ስለሚነጥቀው ሐሰተኛ የሥራ ትእዛዝ ነው። ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለሠርግ ወደ አገር ሲመለሱ አስቀድመው በስልክና በኢሜይል ባለሙያ ይይዛሉ። ስለዚህ ከሩቅ የመጣውን መልእክት ሁሉ እየገፋን ልንኖር አንችልም። በሌላ በኩል፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተባባሰው ግጭትና ለረጅም ጊዜ በቆየው የኢንተርኔት መቋረጥ ምክንያት ሥራ የተጓደለበት ባልደረባ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ትልቅ ሥራ ያገኘ ሲመስለው መቸኮሉ አይቀርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ አታላዩ የሚጠብቀው ይህችኑ ችኮላ ነው።

የማታለያው አካሄድ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናስብ። አንድ የማይታወቅ ሰው «ልጄን ግሽ ዓባይ ምንጭ አጠገብ ልድር ነው» ብሎ ይጽፋል። የባለሙያውን ስም አይጠራም፤ ከሠራቸው ፎቶግራፎችም ስለ አንዱ እንኳ አያነሣም። ሆስፒታል ተኝቻለሁ፣ ወይም መስማት ይሳነኛል በማለት በስልክ መነጋገር እንደማይችል ያስታውቃል። ዋጋው 40,000 ብር ነው ሲባል ሳይከራከር ይስማማል። በእኛ አገር ዋጋ ሳይከራከር የሚድር የሙሽራ አባት ማን አይቷል? ከዚያም 120,000 ብር የሚያወጣ ቼክ ይልክና፣ «የተረፈውን 80,000 ብር ለድንኳንና ለጌጥ ሠራተኛው አድርስልኝ፤ እርሱ ቼክ አይቀበልም» ይላል። ባለሙያው ቼኩን አስገብቶ ከሒሳቡ 80,000 ብር ይልካል። ቆይቶ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ይታወቅና ባንኩ የመዘገበለትን 120,000 ብር መልሶ ይቀንሳል። የድንኳን ሠራተኛ የተባለው አታላዩ ራሱ ወይም ግብረ አበሩ ነው። ባለሙያው የራሱን 80,000 ብር፣ በዚያም ላይ በጥር የያዘለትን የሥራ ቀን ያጣል።

ይህን የመሰለ ማታለል አዲስ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት «የስፔን እስረኛ» በሚባለው ደብዳቤ፣ ታስሯል ስለተባለ ባለጸጋ ለማያውቁት ሰው እየተጻፈ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። ዛሬ የሚያሳስተን ግን በሒሳብ ላይ የታየ ገንዘብ ሁሉ የተሰበሰበ ገንዘብ መምሰሉ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሕግ ባንኮች በቼክ የገባን ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለደንበኛው እንዲለቁ ያስገድዳል፤ የቼኩ ሐሰተኛነት ግን እስኪታወቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የወገኖቻችንን ሠርግ የሚያነሡ ባልደረቦቻችን ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ክፍያው በተሰረቀ ክሬዲት ካርድ ሲሆንም የካርዱ ባለቤት ክፍያውን ይቃወማል፤ ገንዘቡም ይመለሳል። በአገራችን ደግሞ በቼክ ፋንታ የባንክ ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክት አስመስሎ ይላካል፤ ቀጥሎም «ቀብዱን በስሕተት አብዝቼ ከፍያለሁና ትርፉን መልስልኝ» ይባላል።

ልብ በሉ፤ አታላዩ የሚጠቀመው በስግብግብነታችን ብቻ አይደለም። ይበልጡን የሚጠቀመው በጨዋነታችን ነው። በግሽ ዓባይ እንደሚተረከው፣ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ለወንዙ በአደራ የሰጧቸውን መጻሕፍት ውኃው ሳያበላሽ መልሷል። እንዲህ ያለ ትረካ እየሰማ ያደገ ሰው የሌላውን ገንዘብ በእጁ ማሳደር ነውር ይሆንበታል። ትርፉን ቶሎ ለማድረስ የሚጣደፈውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን አደራ የሚባለው በእርግጥ እጅ የገባ ነገር ነው፤ ያልተሰበሰበ ቼክ ግን አደራ አይሆንም።

እንግዲህ እውነተኛውን ደንበኛ ከሐሰተኛው በምን እንለየው? የቦታ ስም ከካርታ ላይ ይገኛል፤ የአገር ልማድ ግን አይገኝም። ከሰከላ እስከ ቡሬ ሠርግ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ አጎት አለበት፣ ሚዜ አለበት፣ ሽማግሌ አለበት። እውነተኛው ደንበኛ እዚህ ያለ ዘመዱን ስምና ስልክ ሲጠየቅ ደስ ብሎት ይሰጣል። ሙሽሮቹ የየትኛው ደብር ሰዎች እንደሆኑ፣ ድንኳኑ በማን ግቢ እንደሚተከል ይናገራል። የተዋሕዶ ሠርግ ነው እያለ ቀኑን በሁዳዴ ጾም መካከል የሚቆርጥ ሰው ደግሞ በገዛ ቃሉ ይጋለጣል።

ከዚህ በመነሣት ለባልደረቦቼ የማሳስበው የሚከተለውን ነው። ከደንበኛ የተቀበላችሁትን ገንዘብ ለማንም ሦስተኛ ወገን አታስተላልፉ። የተላከላችሁን ደረሰኝ ሳይሆን የራሳችሁን ሒሳብ ተመልከቱ፤ ቼክ ከሆነም «ገንዘቡ ከከፋዩ ባንክ ተሰብስቧል ወይ?» ብላችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። በእርግጥ ተርፎ የገባ ገንዘብ ካለ፣ በባንኩ በኩል በመጣበት መንገድ ለከፋዩ ብቻ ይመለስ። ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ ቀብዱ ሳይረጋገጥ ቀን አትያዙ። የሚያጠራጥር መልእክት ሲመጣ ሌላ መልስ ሳትሰጡ አስቀምጡት እንጂ አታጥፉት፤ ማስረጃ ነውና። ገንዘብ ከወጣም በዚያው ዕለት ወደ ባንክ፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ሂዱ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ማታለልንና ሐሰተኛ ሰነድን በወንጀልነት ደንግጓል።

በመጨረሻም፣ የተታለለ ባልደረባ በኀፍረት ዝም እንዳይል አደራ እላለሁ። ያው ደብዳቤ ስሙ ብቻ እየተለወጠ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ይላካል። የደረሰበት ሰው ከተናገረ ግን ለሌሎቻችን ማስጠንቀቂያ ይሆናል።