ለየቲም ልጆች በሞዴል ማስተማር፦ በብስራተ ገብርኤል ከቅዳሜው ትምህርት ያየነው

(በብስራተ ገብርኤል በተካሄደ የለጋሾችና የቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)





ባለፈው ዓመት ሪፖርታችንን አቅርበን ስናበቃ አንድ አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው የተናገሩትን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። «ልጆቼ፣ የየቲም ገንዘብ እሳት ነው፤ እናንተ ግን ካርቶንና ብርቱካን ይዛችሁ ከልጆች ጋር ስትጫወቱ አየሁ» ነበር ያሉት። አዳራሹ ሳቀ፤ እኛ ግን አልሳቅንም። ለደብተር፣ ለደንብ ልብስና ለቀለብ የሰጣችሁት ሰደቃ የት እንደዋለ መጠየቅ መብታችሁ ነውና። የዛሬው ንግግራችን ለእኒያ አባት የምንሰጠው መልስ ነው። መልሱ አንድ ዓመት የዘገየው እኛም ራሳችን በሚገባ ስላላወቅነው ነበር።

አስቀድመን የገንዘቡን ጉዳይ እናጥራ። የቅዳሜው ትምህርት ከልጆቹ ወርኃዊ ድጎማ አንዲት ሳንቲም አልወሰደም። ዕቃው ከየቤቱና ከየሱቁ የተለቀመ ነው፦ የጫማ ካርቶን፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ቆርኪ፣ የክብሪት እንጨት፣ ሽቦ፣ የተቀደደ ካልሲ፣ አሸዋ። ብርቱካኑም ቢሆን ከትምህርቱ በኋላ ይበላል።

በእጅና በምልክት ማስተማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ምን ያህል ቅርባቸው እንደሚሆን ሲያስተምሩ አመልካችና መሐል ጣታቸውን አሳይተዋል። ይህን ሐዲስ በየስብሰባችን እንሰማዋለን፤ የምናስታውሰው ግን ምንዳውን እንጂ የማስተማሪያውን መንገድ አይደለም። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ባስተላለፉት ሌላ ሐዲስ ደግሞ አራት ማዕዘን ሥለው፣ ከመካከሉ ተነሥቶ ከማዕዘኑ አልፎ የሚወጣ መስመርና በጎኑ ትናንሽ መስመሮች አስምረው፣ የሰው ልጅን፣ የዕድሜውን ገደብ፣ ከዕድሜው አልፎ የሚሮጠውን ምኞቱንና የሚያገኙትን መከራዎች አስረድተዋል። በቁርኣን ቤት ያደጋችሁ ሰዎችም ሉሁን ታስታውሱታላችሁ፤ መጻፍ፣ መቅራት፣ አጥቦ እንደገና መጻፍ። ዕውቀት በእጅ በኩል ይገባ ነበር።

የቀድሞ መምህራን ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች የነበረውን «የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል» አይዘነጉም። ከአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ የማስተማሪያ መርጃ የሚሠራበት ክፍል ነበር። እኛ ልጆች ሳለን ባየነው ክፍል ውስጥ የተሠራው ሁሉ መደርደሪያ ላይ ተሰድሮ አቧራ ይጠጣ ነበር፤ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይውላል። ልጅ ያልነካው ሞዴል ከግድግዳ ሥዕል በምንም አይሻልም። በመሆኑም በቅዳሜው ትምህርት አንድ ደንብ ብቻ አለን፦ የተሠራው ሁሉ ይነካል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል።

ይህን ትምህርት በቁም ነገር እንድንይዘው ያደረገን የመሬት መንቀጥቀጡ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ለወራት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናወጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። እዚህ በእኛ ሰፈር ፎቅ ላይ የሚኖረውም ምድር ላይ የሚኖረውም በሌሊት ደጅ የወጣበት ጊዜ ነበር። ወሬውም ከንዝረቱ የባሰ ነበር። ወላጁን በድንገት ያጣ ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሌሊት እንደ ሌላው ልጅ አያሳልፈውም። አንዲት ልጅ የቀረቻትን እናቷን ቀሚስ በእጇ ጠቅልላ መተኛት ጀምራ እንደነበር የሰማነው ከእናትየዋ ነው። እኛ «አይዞሽ» አልናት። «አይዞሽ» ግን ፍርሃትን ለአፍታ ያቆየው እንደሆነ እንጂ ጥያቄን አይመልስም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን አመጣን። ከሥሩ ሁለት ወረቀቶች ጫፍ ለጫፍ አገናኝተን አነጠፍን፤ በላዩ አንድ ረድፍ አሸዋ፣ አንድ ረድፍ አመድ፣ እንደገና አሸዋ ደረብንበት። ከዚያ ሁለት ልጆች ወረቀቶቹን በግራና በቀኝ ቀስ ብለው ሳቡ። መካከሉ ሰመጠ፤ ዳርና ዳሩ እንደ ገደል ቆሞ ቀረ። «ይህ ስምጥ ሸለቆ ነው» አልናቸው። ከአፋር ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወርዶ፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ አባያንና ጫሞን በሆዱ ይዞ የሚሄደው ሸለቆ እንዲህ ነው የተፈጠረው። ዛሬም እየሰፋ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ከጥፍራችን እድገት እንኳ እጅግ ያነሰ ነው። ልጆቹ ሁሉ ጥፍራቸውን አዩ። ቀጥለን ፊኛ ከአሸዋው ሥር ቀብረን በቀጭን ቱቦ ነፋነው፤ አሸዋው ከላይ ተሰነጣጠቀ። በፈንታሌ የሆነውንም የዘርፉ ባለሙያዎች ያስረዱት በዚሁ መልክ ነው፦ የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች መንገድ ሲፈልግ በላዩ ያለውን ይገፋል፣ ይሰነጥቃል።

ከዚያ የቤት ነገር መጣ። በብዮች ላይ ሳንቃ አስቀምጠን፣ ልጆቹ በክብሪት እንጨትና በጭቃ የሠሯቸውን ቤቶች ደርድረን ሳንቃውን ነቀነቅነው። ሁሉም ፈረሱ። የዚያን ዕለት እኒያ አባት ሊቆጣጠሩን መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። በወጣትነታቸው አናጺ እንደነበሩ አናውቅም ነበር። «ማገሩ የታለ?» አሉ። ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቋሚዎቹን አቆሙ፣ ማገሩን አግድም አሰሩ፣ በየማዕዘኑም ሰያፍ እንጨት ጨመሩ። ሳንቃው ሲነቀነቅ ቤቱ ተወዛወዘ እንጂ አልወደቀም። ለምን ሰያፉ እንደጠቀመ ከልጆቹ ጋር ስንመረምር ምክንያቱ ተገኘ፦ አራት ማዕዘን ሲገፉት ይዛባል፤ ሦስት ማዕዘን ግን እንጨቱ ካልተሰበረ ወይም ማሰሪያው ካልተፈታ ቅርጹን አይለቅም። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ተናውጦ ማጀቴ ስትፈርስ ልጅ እንደነበሩም የነገሩን ያኔ ነው። ከመስኮትና ከቁም ሣጥን መራቅን፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባትን ልጆቹ ከእርሳቸው ጋር ተለማመዱ። ቀሚስ ጠቅልላ የምትተኛዋ ልጅ ቤቱን ይዛው ሄደች፤ እስካሁንም አልመለሰችውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተገለጠልን። አባት ያለው ልጅ አባቱ ሲሠራ መዶሻ ያቀብላል፣ ምስማር ይለቅማል፣ ተሳስቶም ይቆጡታል። ሳያውቀው ስለ ኃይል፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ሙቀት ይማራል። ለየቲሙ ልጅ የደብተር መግዣ ሰጥተነዋል፤ መዶሻ የሚያቀብለውን ሰው ግን አልሰጠነውም ነበር።

የጨረቃውን ትምህርት በአጭሩ እንለፈው። ረመዳን ለምን አንዴ በክረምት አንዴ በበጋ እንደሚመጣ የማይጠይቅ ልጅ የለም። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ያህል ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ወሩ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ክፍሉን አጨልመን፣ አንድ መብራት አብርተን፣ ልጁ ብርቱካን በእንጨት ሰክቶ ፊት ለፊቱ ይዞ ወደ ግራ ይዞራል። ብርቱካኑ በእርሱና በመብራቱ መካከል ሲሆን የበራው ጎን አይታየውም፤ ጥቂት ዞር ሲል ቀጭኗ ጨረቃ ብቅ ትላለች። የሚያሳፍረው ደግሞ ከእኛ ከአስተማሪዎቹ መካከል አንዳንዶቻችን እስከዚያ ቀን ጨረቃን የሚያቀጥናት የምድር ጥላ ይመስለን ነበር። የሻዕባን 29 ምሽት ሲመጣ ልጆቹ ፀሐይ ወደ ገባችበት አቅጣጫ ማየት እንዳለባቸው ለታላላቆቻቸው አስረድተዋል።

ስሕተታችንንም አንደብቅም። አንድ ቅዳሜ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ውሃ ቀድተን፣ በተቆረጠ ፕላስቲክ ውስጥ ጥጥ፣ ከሰል፣ አሸዋና ጠጠር ደርድረን አጣራነው። ጥቁሩ ውሃ ጠርቶ ወጣ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኛም ደስ ብሎን ስናወራ አንድ ልጅ ኩባያውን አንሥቶ ወደ አፉ አስጠጋ። ደርሰን ቀማነው። የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ ቢጠራም በዓይን የማይታየው ጀርም፣ በውሃው የሟሟውም ኬሚካል፣ በዚያ ማጣሪያ እንደማይወገድ አስቀድመን አልተናገርንም ነበር። ሞዴል እውነቱን በከፊል ብቻ ያሳያል፤ የቀረውን ከፊል ያልነገረ አስተማሪ ልጅ ይጎዳል። ቀጣዮቹን ሁለት ቅዳሜዎች ስለዚህ ብቻ አወራን።

ወደ ማኅበራዊው ጉዳይ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ብዙ ቤት ያውቀዋል። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ያዘጋጁት ሲሆን፣ ፀሐይ የምትባለው የጨርቅ ቀጭኔ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ ለሕፃናት በራሳቸው ቋንቋ ታወራ ነበር። ልጅ ለትልቅ ሰው የማይነግረውን ለአሻንጉሊት ይነግራል። የተቀደደው ካልሲ ለዚህ ነው የተፈለገው።

ከካልሲው በላይ ያስተማረን ግን የካርቶን ሰፈራችን ነው። ልጆቹ ብስራተ ገብርኤልን እንዲሠሩ አደረግን፤ ከሳር ቤት የሚመጣውን መንገድ፣ ሱቆቹን፣ የታክሲ መያዣውን፣ ወደ መካኒሳ የሚወስደውን። መጀመሪያ ያቆሙት ቤተ ክርስቲያኑን ነው፤ ሰፈሩ የተጠራበት፣ አቅጣጫ ሁሉ የሚነገርበት ስለሆነ እርሱ ሳይኖር መንገዱ አይገኝም አሉ። ቀጥለው የሚሰግዱበትን መስጊድ፣ ከዚያም እያንዳንዳቸው ቤታቸውን ሠሩ። በመጨረሻ የሚፈሩትን ቦታ በቀይ ቆርኪ፣ የሚወዱትን በአረንጓዴ ቆርኪ አመለከቱ። ስድስት ቀይ ቆርኪዎች አንድ ማቋረጫ መንገድ ላይ ተከመሩ። ስለ መንገድ ደኅንነት ትምህርት ስንሰጥ ኖረን ስለዚያ ማቋረጫ አንድም ልጅ ነግሮን አያውቅም ነበር።

ከልጆቹ አንዱ ታክሲ መያዣው ዘንድ አንድ የክብሪት እንጨት አቁሞ አጠገቡ ትንሽ አምፖል አደረገ። «ይህ ማነው?» አልነው። «እኔ ነኝ። ማታ ነው፤ ማስቲካና ሶፍት እየሸጥኩ ነው» አለ። (ልጁ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጠናል።) በእኛ የቤት ጉብኝት ቅጽ ላይ «ትምህርቱን በሚገባ ይከታተላል» የሚል በእጃችን ተጽፎአል። የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። ሄደን ስንጠይቃቸው አለቀሱ። የቤት ኪራይ ጨምሮባቸው ነበር፤ ብንነግራቸው ድጎማው ይቋረጥብናል ብለው ሰግተዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ያ ልጅ በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ሰነፍ መስሎን ነበር። ስንጠይቀውም «ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ይለን ነበር፤ የቲም ልጅ ለሚረዳው ሰው የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው የኪራዩን ጭማሪ ሸፈኑ፣ አላህ ይቀበላቸው። ልጁ ማታ መውጣቱን ትቷል። በበዓል ሰሞን ግን አሁንም ይወጣል፤ እስካሁን የቻልነው ይህን ያህል ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሳችን ደንብ አውጥተናል። ልጅ የሠራውን ሰፈር ፎቶ አንሥተን አናሳይም፣ በዚህ መጽሔትም አናትምም፤ ያየነውንም ለልጁ አሳዳጊ እንጂ ለማንም አንናገርም። ሞዴሉ ወጥመድ ከሆነ ልጆቹ በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ ካርቶን ነው የሚሰጡን።

እንግዲህ የምንለምናችሁ ምንድን ነው? ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡ በተለመደው መንገድ ለምግቡና ለኪራዩ ይቀጥል። የምንለምናችሁ ሁለት የቅዳሜ ጠዋት ሰዓታችሁን ነው። ዲግሪ አንጠይቅም። አናጺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ወጥ ቤት፣ መኪና አዳሽ፣ የምታውቁትን ይዛችሁ ኑ። እንጀራ ለምን ዓይን እንደሚያወጣ የምታስረዳ እናት ለእኛ የሳይንስ መምህርት ናት። እናቶችና አሳዳጊዎችም ልጁ ካርቶን ለቅሞ ሲመጣ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትጣሉበት፤ ምን እንደሆነ ጠይቁት።

ከእኒያ አባት ጋር አንድ ጉዳይ ላይ እስካሁን አልተስማማንም። እኛ ልጆቹ በዚያ በጠራው ውሃ ውስጥ ያለውን በዓይናቸው እንዲያዩ አንድ ማይክሮስኮፕ ይገዛ እንላለን። እርሳቸው ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያቸው የሚያፈስባቸው ሁለት ቤተሰቦች አሉ፣ ቆርቆሮው ይቅደም ይላሉ። ዘንድሮ ቆርቆሮው እንዲቀድም ተወስኗል፤ ሥራውን የሚመሩትም እርሳቸው ናቸው፣ ትልልቆቹን ልጆች ምስማር አቀባይ አድርገው። ያገለገለ ማይክሮስኮፕ በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ያለው ሰው ካለ ግን ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ እንጠብቃለን።